ለክብደት የሚሳፈሩ ጎረቤቶች

ሳቢያን ሠፈር ባለው ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ሀምዲ የአባቴን አሮጌ ላንድክሩዘር የኋላ ባሌስትራ፣ የጭነቱን ክብደት የሚሸከመውን ድርብርብ ብረት፣ ፈትቶ መሬት ላይ ሲዘረግፈው፣ የዛገ ብረትና የከረመ ግራሶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ለእኔ የብረት ሽታ አልነበረም፤ የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነበር፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከቤታችን የጠፋው።

«ወላሂ እህቴ፣ አባትሽ ይሄን ሁሉ ብረት የደረደረው ተራራ ሊጭን ነው እንዴ አቦ?» አለኝ ሀምዲ፣ ድርብርቡን ብረት በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። መኪናዋን ያመጣኋት እንድትለሰልስልኝ ነው። እናቴን አጥንቷ ውስጥ የገባ በሽታ ይዟታል፤ ሆስፒታል በወሰድኳት ቁጥር ጉድጓድ ባጋጠመን ሁሉ ትጮኻለች፤ ባጃጅማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ሕመሟን እኔ ማስታገስ አልቻልኩም፣ ሐኪሞቹም አልቻሉም፤ በእጄ ያለው ነገር መንገዱን ማለስለስ ብቻ መስሎ ስለታየኝ፣ ያረጀው ባሌስትራ ወጥቶ ሳሳ ያለ አዲስ እንዲገባ፣ መናጡን የሚያበርዱት አሞርዛተሮችም እንዲቀየሩ ተስማማሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ በዚህች መኪና ከጀልዴሳ ገጠር ቀፊራ ገበያ ይመላለስ ነበር፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ወተት የያዙ ሴቶች፣ ፍየሎችና በፍየሎቹ ቦታ የሚጨቃጨቁ ባለፍየሎች ይጭናል። ጭነቱ በዝቶ የመኪናዋ ኋላ መሬት ሊነካ ሲደርስ፣ ከአሮጌ አይሱዙ የተፈታ ብረት እያስጨመረ ባሌስትራውን አደነደነው። ከዚያ ወዲህ ሞልታ ስትሄድ አልጋ ነበረች፤ ባዶዋን ስትሄድ ግን የተሳፈረውን ሁሉ እያነሳች ከጣሪያው ጋር ታላትመዋለች። አንድ ቀን ቂጣችን እስኪላጥ ካንገላታችን በኋላ አባቴ ወርዶ ጎማውን መታ መታ አደረገና፣ ጥፋቱ የመንገዱ እንደሆነ ለሁላችንም አስታወቀ።

መቼም በሠፈራችን ከአባቴ በቀር መኪና ያለው ሰው አልነበረም፤ ሕመምተኛና ወላድ ደግሞ በዚህች መኪና ባዶዋን መውሰድ አይሞከርም። ስለዚህ አባቴ ደጃችን ላይ ሆኖ የመኪናዋን ጡሩምባ ያስረዝመዋል፤ ጎረቤቱ በሽርጡ፣ በነጠላ ጫማው፣ ግማሹም ምሳውን እያላመጠ ይወጣና ይሳፈራል። ማን እንደታመመ የሚጠየቀው ከተሳፈሩ በኋላ ነው። «ለክብደት መሄድ» ነበር የምንለው፤ እንደ ለቅሶ መድረስ፣ እንደ ሠርግ መጥራት ያለ የሠፈር ግዴታ። በክብደት ባለሱቁን ሐጂ ኡመርን የሚያህል ሰው አልነበረንም፤ ሱቃቸውን ክፍቱን ጥለው ይመጡና ልክ ከኋላ ጎማው በላይ ተደላድለው፣ «እኔ ካለሁ አሸዋ አያስፈልግም» ይላሉ። ገበያ ጉዳይ ያላቸው ብልጦችም ነበሩ፤ ለክብደት ብለው ገብተው ቀፊራ ላይ ሹልክ ሲሉ፣ አባቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አቦ፣ ኪሎ አታጉድሉብኝ!» እያለ ይጮኽባቸው ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ዘበኛው ሕመምተኛውን ከአጃቢው መለየት ይቸግረዋል።

እናቴን ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት እኔም ለክብደት ተሳፍሬ ነበር። ኪሎዬ ምን ያህል እንደሆነ እንጃ፤ ኩራቴ ግን ከባድ ነበር። ከሥራችን የፈረጠ ቲማቲም ይሸታል፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ያቃጥላል፣ ሴቶቹ እናቴን በጭናቸው አጣብቀው ይዘዋታል፤ አንዷ በሶማልኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷም በአማርኛ ያጽናኗታል። እናቴ በሁሉም ትመልስላቸው ነበር፤ ስትቆጣ ግን በኦሮምኛ ነበር። ያን ቀን መኪናዋ አንዴም አልነጠረችም። ወንድሜ ተወለደ፤ ዛሬ ጅቡቲ ነው፣ እዚያው ሥራና ልጆች ይዞ ቀርቷል።

ሀምዲ ሥራውን በጨረሰ ማግሥት እናቴን ብቻዋን ከኋላ ወንበር ላይ አስተኛኋት። ጡሩምባ ብነፋ የሚወጣልን የለም። ሐጂ ኡመር ሞተዋል፣ ግቢያቸውም ተሽጦ ሕንፃ ሆኗል፤ ሴቶቹ የሞቱት ሞተው የቀሩት ከልጆቻቸው ጋር ሄደዋል። አዲሶቹ ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ሰላም ይሉኛል፣ «አላህ ያሽራት» ይሉኛል፣ ከዚያ ባጃጃቸው ውስጥ ይገባሉ።

መኪናዋ እውነትም ለስልሳ ነበር። የደቻቱን ወንዝ መሻገሪያ፣ ያንን ጥርስ የሚያራግፍ ድንጋይ ሳይሰማኝ አለፍኩት፤ ደስታ ሊቃጣኝ ሲል በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። እናቴ የሻሿን ጫፍ ነክሳለች።

«እማ፣ አሁንም ይንጥሻል?»

«እሷ ምን አደረገችኝ ልጄ፤ መኪናዋ አልነካችኝም» አለችኝ።

ለካ የምሸሸው ጉድጓድ መንገዱ ላይ አልነበረም፤ እሱን የሚሞላ ብረት ደግሞ ሀምዲም ዘንድ የለም። ሆስፒታል ሐኪሙ ውጤቷን አይቶ ወደ ውጭ ጠራኝና፣ «ከእንግዲህ ባያመላልሷቸው ይሻላል፣ እቤታቸው ይረፉ» አለኝ። መድኃኒቱን በላስቲክ ይዤ ወጣሁ።

ስንመለስ ፀሐዩ በርትቶ ነበር፤ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።

«ነይ» አለችኝ ከኋላ።

«እየሄድን ነው እኮ እማ፣ ደረስን።»

«አይ፣ ወደዚህ ነይ። አጠገቤ ሁኚ፣ ያዢኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ የምነዳው» አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ። መኪናዋን ዳር አቁሜ ወረድኩና ከኋላ ገባሁ፣ እንደነዚያ ሴቶች ጭኔን ከጭኗ አጣብቄ፣ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ ያዝኳት። ቀለል አላት መሰለኝ፣ ዓይኗን ከደነች። ባጃጆቹ በግራ በቀኝ ያልፉናል። ቤታችን ሩቅ አልነበረም፤ እኔ ግን ብይዛት የሚነዳን የለም፣ ብነዳ የሚይዛት የለም።