በሚያዝያ የነደደው የክረምት ማገዶ

ባለቤቴን ወገቧን ሲይዛት የጤና ጣቢያው ሰው በየቀኑ በሞቀ ውሃ ታጠቢ አላት። እኔ ደግሞ ይህን ሰምቼ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ወረታ ከሚገኝ በያጅ ዘንድ ሄጄ ባዶ በርሜል ከሥሩ ምድጃ፣ ከጎኑ ቧንቧ አስበየድኩለት። እንዳይዝግ ጥቁር ቀለም ቀባሁት፤ ጭሱ ቤት እንዳይገባ ጓሮ፣ ጥላ ከሌለበት፣ ድንጋይ ላይ አቆምኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ «ፋብሪካዬ» አልኩት።

ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። ከቤቱ ጀርባ የከመረችው እንጨት የክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ኩበት አይደርቅም፤ እርጥብ እንጨትም ዓይን ያጨናብሳል እንጂ ድስት አያበስልም። በቀን ከሁለት ፍልጥ እንዳላልፍ ነገረችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት መቼም አስቸግሮኝ አያውቅም።

መጋቢትንና ሚያዝያን ቀትር ላይ እሳት ሳነድ ከረምኩ። ያን ጊዜ ወረታ ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ እየሮጠ ነው የሚሄደው። እኔ ምድጃው ፊት ተንበርክኬ እፍ እላለሁ። ሁለቱ ፍልጥ ሦስት ሆነ፤ ሦስቱ አምስት። ውሃው ግን ቀዝቃዛ ካልተቀላቀለበት አይነካም። ቤቴ የመጣውን ሁሉ ጓሮ ወስጄ በርሜሉን አስነካዋለሁ። ምስጢሩ የምድጃው አሠራር ነው እላለሁ፤ አሠራሩን እኔም አላውቀውም።

አንድ ቀን በማለዳ አንበሳሜ ለቅሶ ሄጄ ወደ አሥር ሰዓት ተመለስኩ። ባለቤቴ ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ ደጃፍ ተቀምጣለች። የዛሬው ውሃ አጥንቷ ድረስ እንደገባ ነግራ መረቀችኝ።

ቆሜ ቀረሁ። እሳት አላነደድኩም። ወይስ አንድጃለሁ? ኪሴን ስዳብስ ክብሪቱ አለ፤ ይህም ምንም አላስረዳኝም። አመዱን ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። በርሜሉን ነካሁት፤ አቃጠለኝ። አባቴ በስተርጅናቸው ሲያርሱ የዋሉ እየመሰላቸው፣ ከመደብ ሳይነሱ ደክሟቸው የሚያመሹ ሰው ነበሩ። በቃ፣ ተራዬ ደረሰ አልኩ።

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር፣ ክብሪቱን ቤት ትቼ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። በሦስት ሰዓት ውሃው ለብ ብሏል። በስድስት ሰዓት ሞቀ። በስምንት ሰዓት ነክቼው እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ። ያኔ ቀስ ብዬ ቀና አልኩና ፀሐይዋን አየኋት፤ ጥቁሩን በርሜል አየሁት፤ እንደገና ፀሐይዋን። አእምሮዬ ደህና ነው ብዬ ደስታዬን ሳልጨርስ ዓይኔ ክምሩ ላይ አረፈ። ከግማሽ በላይ ሄዷል። ማበዴ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እብድን ማገዶ የት አደረስህ የሚለው የለም።

ሦስት ቀን ዋጥ አድርጌ ከርሜ ነገርኳት። ወገቧን ይዛ ተነሳች፤ ክምሩን በክንዷ ለካች፤ ተመልሳ ፊቴ ቆመች። አንቱ የምትለኝ ሲከፋት ነው።

«አንቱ፣ ፀሐይን ነው በእንጨት ሲያሞቁ የከረሙት?»

«ትንሽ ላግዛት ብዬ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። «ክረምቱንስ ምን ልናነድ ነው?»

የቀረን ኩበት ነው። እሷ መጎንበስ አትችልም። ስለዚህ በነጋታው ቅርጫት ይዤ ከብቶቹ ከሚውሉበት ሜዳ ወረድኩ። በእኛ አገር እበት ለቅሞ ኩበት መጠፍጠፍ የሴት ሥራ ነው፤ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እያዩኝ ያልፋሉ። ባለቤቴ ጥላ ሥር ሆና «አሳሳው፣ ወፍራሙ አይደርቅም» ትለኛለች። አሳሳዋለሁ፤ ይቀደዳል። አወፍረዋለሁ፤ ትቆጣለች። በእነዚህ በሁለቱ መሀል ያለው ልክ የቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ትናንት በጣና በኩል ደመና ታየ። ያልደረቀውን እየሮጥኩ ቤት አስገባሁ። ሳይዘንብ አለፈ። ዛሬ ሁሉንም መልሼ ፀሐይ ላይ ዘርግቻለሁ፤ እስከ ነሐሴ ያደርሰን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ቅርጫቱን አቀበለችኝ።