የልጄ ማመልከቻ በጎረቤት ደጅ

እልልታው የመጣው በቀርከሃው አጥር በኩል ነው። ለገበያ የማወጣውን ለውዝ እየቆላሁ ነበር። ከማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለገኝም፤ ሆዴ ቀድሞ አወቀ። የጎረቤቴ ልጅ ሥራ አገኘች። ማማሰያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፣ ለውዙም አረረ።

ጎረቤት ሲደሰት መሄድ ወግ ነውና አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ልጅቱን ግንባሯን ሳምኳት። ከንፈሬ ሳማት እንጂ እኔ አልሳምኳትም።

«ጌታ ይመስገን!» አለች እናቷ። ከወለጋ ለንግድ መጥተው አሶሳ የቀሩ ሰዎች ናቸው፣ ጸሎት ቤታቸውም ከገበያው በላይ ነው። «ማመልከቻዋን ሲያነቡ ይህን ማን ጻፈልሽ አሏት። ማን ይጽፍላታል? ራሷ ናት!»

ያቺ «ራሷ ናት» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። የእኔዋ ልጅም እኮ ከዚያው ኮሌጅ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው በሂሳብ ሥራ ነው የተመረቀችው። በአንድ ዛፍ ሥር ሆነው ፎቶ ተነሥተዋል። በውጤት የእኔዋ ትበልጣለች፤ ወላሂ ትበልጣለች። ግን የእኔዋ ማመልከቻ ሄዶ ይቀራል። ጉድጓድ ውስጥ እንደጣሉት ድንጋይ ድምፅ እንኳ የለውም።

በዚያ ሰሞን ልጄ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። «እማ» አለችኝ አንድ ቀን ማሽላ እየለቀምን፣ «ባምባሲ አንድ የእርዳታ ድርጅት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ እፈልጋለሁ ብሎ ለጥፏል። እሱን እሞክራለሁ። እሱ ካልሆነ ዐረብ አገር ነው። ደላላው ተራ ይዞልኛል።»

የእህቴ ልጅ ዐረብ አገር ሄዳ ተመልሳለች። የፈላ ዘይት ክንዷን ልጦታል። ስልክ ሲጮኽ አሁንም ትደነግጣለች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ያንን የተላጠ ክንድ በእሷ ክንድ ላይ አየሁት። ማሽላውን ከጠጠሩ መለየት አቃተኝ።

እኔ በሕፃንነቴ ነው ከወሎ በሰፈራ የመጣሁት። በሰፈራ መንደር ሁሉም ነገር የሚገኘው በአቤቱታ ነበር፤ ብርድ ልብሱም፣ በሬውም፣ ቆርቆሮውም። ችግሩን አሳንሶ ያጻፈ ባዶ እጁን ይመለሳል። አባቴ ሲያስጽፍ አንድ የሞተብንን በሬ ሁለት ያደርገው ነበር። ለምን ስንለው «ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጥም» ይለናል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ማንበብ እችላለሁ፣ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁም። ስለ ማመልከቻ የማውቀው ግን ከአባቴ ያየሁትን ነበር።

ስለዚህ ልጄን ጎትቼ ወሰድኳት። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አቤቱታ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። በጽሑፋቸው ብዙ ሰው አስለቅሰዋል ይባላል።

«ምን ገጠመዎት እናት?»

«ልጄ ተምራ ሥራ አጣች።»

«አባቷስ?»

«ሞቷል።»

«ጎሽ» አሉ እየጻፉ። «እርስዎ ሕመም አለብዎት?»

«ወገቤን ያመኛል።»

ብዕራቸውን አነሡ። «ወገብ በወረቀት ላይ አይከብድም። ልብ እንበለው?»

«ልብ ይሁን» አልኩ።

ልጄ እግሯን እያየች ቆማ ነበር። ሽማግሌው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ጠርገው አነበቡት፦ «እኔ አመልካች አባቴ በሞት የተለየኝ፣ እናቴ በልብ ሕመም የምትሠቃይብኝ፣ ረዳት ወገን የሌለኝ ደሃ ስሆን፣ ስለ ፈጣሪ ብላችሁ በራችሁን ትከፍቱልኝ ዘንድ ከእግራችሁ ሥር ወድቄ እማጸናለሁ።» እኔ ገና ከመሃሉ ሳይደርሱ አለቀስኩ። እያለቀስኩም በሆዴ፣ «አሁን የዚያች ማመልከቻ ከዚህ ፊት ይቆማል!» አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ። «ይህን አላስገባም።»

«ለምን?»

«እማ፣ እነሱ የሚፈልጉት ዕቃ ተረክባ ዕቃ የምታስረክብ ሰው ነው። ይሄ የሚለው ምጽዋት ስጡኝ ነው።»

«አንቺ የጻፍሽውስ መቼ መልስ አመጣ?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው መራራነቱ የገባኝ። በአገጯ ወደ ጎረቤት አጥር ጠቆመች። «እሷ እንኳ ማመልከቻዬን ትይልኝ።»

«በእሷ እጅ? ነገ በሰፈሩ ሁሉ እኛ ነን ያስቀጠርናት እንዲሉ? አይሆንም!»

በዚሁ ተኳረፍን። ማስታወቂያው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ከገበያ ስመለስ ልብሷን በሻንጣ ስታጥፍ አገኘኋት። ፓስፖርቱ አልጋው ላይ ተቀምጧል። «ደላላው ደውሎ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። «ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ግቢ ብሎኛል።»

ፍርሃት ቅናቴን አላጠፋውም፤ አዳፈነው እንጂ። ከጓዳ ማንጎ በሰፌድ ሞላሁና ልጄን «ተነሺ፣ ተከተይኝ» አልኳት።

ጎረቤቴ በሯ ላይ ቡና ታደርቅ ነበር። «ውይ! ዛሬ ምን እግር ጣለሽ? ዶሮዬ ገባችብሽ እንዴ?»

«ልጅሽን ፈልጌ ነው።»

«ልትድሪያት ነው?»

«የእኔዋ ማመልከቻ ልታስገባ ነው። እስቲ ትይላት» አልኩ። ይህችን ለመናገር ስንት ጊዜ ምራቄን እንደዋጥኩ አላህ ያውቃል።

አንድ ማንጎ አንሥታ በቀሚሷ ጠረገች፣ አገላበጠች፣ አሸተተች። አልቸኮለችም። «እኔማ መቼ ትመጪ ይሆን እያልኩ ነበር» አለች በመጨረሻ። ምራቄ አመድ አመድ አለኝ፤ ቢሆንም ቻልኩት።

ልጅቱ ያን ጊዜ ከሥራ ገባች። አንገቷ ላይ ፎቶዋ ያለበት ባጅ ተንጠልጥሏል። ሰላም ስትለኝ እሷን ሳይሆን ባጁን ነበር የማየው። ይዤው የመጣሁትን የሽማግሌውን ወረቀት ተቀብላ አነበበች። ከንፈሯን ነክሳ ነክሳ፣ «እትዬ፣ ልብዎን ያምዎታል እንዴ?» አለችኝ።

«ወገቤን ነው።»

ደጁ በሳቅ ፈነዳ። ልጄም ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። እኔ ቤት ያልተሳቀ ሳቅ እዚያ ቤት ተሳቀ።

ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጄ ማስታወቂያውን በስልኳ ፎቶ አንሥታው ነበር። ልጅቱ ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ «ገቢና ወጪ ዕቃ መመዝገብ የምትችል ይላል። ይህን የት ሠርተሽዋል?» አለቻት።

«የትም።»

አላስቻለኝም። «እንዴት የትም! የገበሬ ማኅበሩን መጋዘን ሁለት መኸር ማነው የያዘው? አኩሪ አተሩን እየመዘነች ስታስገባ ስታስወጣ የከረመችው ማናት? ነቀዝ የገባ ጊዜስ?»

«ተይ እማ፣ እሱ እኮ በነፃ ነው። ሥራ አይባልም።»

«ማን አይባልም አለሽ?» አለች ልጅቱ። «ነቀዙን ምን አደረግሽው?»

ልጄ መጀመሪያ አፈረች። ቀስ በቀስ ግን ተናገረች። የገቡበትን ጊዜ እየለየች ከረጢቶቹን በቀለም ምልክት አድርጋባቸው ኖሯል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ደልድላ፣ የተበከለውን ለብቻው አግልላ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ከረጢት አልተበላሸም። እኔ «መጋዘን ዋልኩ» ስትለኝ ነበር የምሰማው። ይህን ሁሉ ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለእሷ ነገረቻት።

«ይሄው ነው የሚጻፈው» አለች ልጅቱ። «ግን የእኔን እንዳትገለብጪ። ስትጠየቂ ካንቺ አፍ መውጣት አለበት።»

ልጄ ራሷ ጻፈች። ከላይ ቀኑንና የድርጅቱን ስም፣ ቀጥሎ ጉዳዩ ምን እንደሆነና ማስታወቂያውን የት እንዳየችው። ከዚያ መጋዘኑንና ነቀዙን፣ ከታች ያያዘቻቸውን ማስረጃዎችና ስልኳን። የማኅበሩ ሊቀመንበርም መሥራቷን የሚመሰክር ደብዳቤ በማግሥቱ ጠዋት ሊሰጧት በስልክ ተስማሙ። ስታነበው ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

«በቃ?» አልኩ። «አባቷስ? እኔስ የት ገባሁ?»

ጎረቤቴ ማንጎዋን እየመጠጠች፣ «የሞተ ሰው ከረጢት አይቆጥርም እህቴ» አለች።

ልጇ ቆጣ አለችባት፣ «አዮ!» ብላ፤ እናቷን እንዲህ ነው የምትጠራት። ወደ እኔ ዞረችና፣ «እትዬ፣ ድርጅቱ የሚጠይቀው ለእሷ ምን እንደጎደላት አይደለም፣ እሷ ምን እንደምትሠራለት ነው» አለችኝ። ነገሩ ገባኝ። ከእሷ አፍ መስማቴ ግን አንገበገበኝ። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ፊደል ሲያርሙ ሳይ፣ ያጠባኋትን ልጄን የሰው እጅ ላይ ያየሁ መሰለኝ።

ማመልከቻው በመጨረሻው ቀን ገባ። ደላላው ሲደውል ልጄ «ስም እስኪለጠፍ ጠብቅ» አለችው፤ ተቆጣ፣ ተሳደበም። እኔ በሰላት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እለምን ጀመር። የሽማግሌውን ወረቀት ቀድጄ ለለውዝ መጠቅለያ አደረግኩት፤ የልብ ሕመሜን ማን ገዝቶ እንደበላው አላውቅም።

ለጽሑፍ ፈተና ተጠራች፤ አለፈች። ለቃል ፈተናም ተጠራች። ከባምባሲ ስትመለስ፣ «እማ፣ ብዙውን ሰዓት ስለ ነቀዙ ነው የጠየቁኝ» አለች። ዐይኗ እያበራ ነበር። እኔ ግን ሻንጣዋን አየሁ። ገና አልተፈታም።

ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን በራችን ላይ ለውዝ ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ከመንገዱ ጫፍ እየሮጠች ብቅ አለች፤ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁ። በፊቴ አልፋ፣ አጥሩን ዞራ፣ ጎረቤት ገባች።

እልልታው እንደገና በቀርከሃው በኩል መጣ። ዛሬ የእኔ ልጅ እልልታ ነበር፤ አፉ ግን የጎረቤቴ ነው። እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ።

«ነይ እንጂ!» ብላ ጮኸች ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ። «በገዛ ልጅሽ ደስታ የጥሪ ካርድ ትፈልጊያለሽ?»

ሄድኩ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ጎረቤቴም ከሁለታችን ላይ። ሳምኳት ጎረቤቴን። በዚያን ቀን ከንፈሬም እኔም አብረን ሳምናት፤ ሆዴ ብቻ ትንሽ ወደኋላ ቀርቶ ነበር።

ቤት ስንገባ ልጄ ሻንጣዋን ፈታች። ፓስፖርቱን አውጥታ፣ «ሳጥንሽ ውስጥ አስቀምጪልኝ» አለችኝ። ከመጋረባ ልብሴ ሥር ከትቼ ቆለፍኩት። ቁልፉን አንገቴ ላይ ነው የማስረው።

አሁን ባምባሲ ትሠራለች። መንገዱን እፈራለሁ፤ መኪናው ሲዘገይ ከደጅ አልገባም። ቅዳሜ ስትመጣ ቦርሳዋን በር ላይ ታስቀምጥና እኔን በችኮላ ስማ አጥሩን ትዞራለች። እኔ ለውዜን እየቆላሁ ሁለቱ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ምን እንደሚያወሩ አልሰማም፤ ያንገበግበኛል፣ አንዳንዴም ለውዙ ያርርብኛል።

ይረር። ሳቋ ከአጥር ማዶ ነው፤ ከባሕር ማዶ አይደለም።