አባቴ በሩ ላይ የቆመበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ሳስታውሰው ግን ዛሬም አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተኛል።

አባቴ በሀዲያዋ ጊምቢቹ ከተማ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ሆኖ ያገለግል ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ አረማመዱ ተለወጠ። ጎንበስ ይልና በትናንሽ እርምጃ ይጣደፋል፤ ሲዞር ይንገዳገዳል። ንግግሩም ይጎተት ጀመር። ከዚያ ወሬው መጣ። "መምህር መጠጥ ጀምረዋል" ተባለ።

በእኛ ጸሎት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ለጊዜው ከአገልግሎት እንዲያርፍ ነገሩት። አልተከራከረም። ከቤት መውጣቱን ግን ተወ።

እኔ የማስተምረው ሆሳዕና ስለሆነ ወደ እኔ አመጣሁትና ሐኪም አየው። ሐኪሙ ፓርኪንሰን የሚባል፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብሎ፣ አረማመዱ በደንብ እንዲታይ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከን።

የክፍሉ ባለሙያ ወጣት ነው። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጓል። ስልኩ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ ከፈተና "መምህር፣ ከወንበሩ ይነሱ፣ እስከ ምልክቱ ይሂዱ፣ ዞረው ይምጡና ይቀመጡ" አለው።

አባቴ ተነሳ። ሄደ፣ ዞረ፣ መጣ፣ ተቀመጠ። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ድሮ ተማሪ ፊት ይራመድ እንደነበረው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ።

"ቤት እንዲህ አይደለም" አልኩ። "ትናንት እንኳ ከመኝታ ቤት ሲወጣ..."

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና "ተይ እንጂ" አለኝ።

ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። "ምንም የለባቸውም" ብሎ ቢሸኘን ለጊምቢቹ ሰው ምን ይዤ ልመለስ ነው?

ባለሙያው አልተጣደፈም። "ሰው ሲያያቸው ብዙዎቹ ተጠንቅቀው ደህና ይራመዳሉ" አለኝ። ወደ አባቴ ዞሮም "አሁን ደግሞ እየሄዱ ከመቶ ላይ ሦስት ሦስት እየቀነሱ ይቁጠሩልኝ" አለው።

ለአባቴ ይህ ጨዋታ ነው። "ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና አራት" እያለ ሄደ። "ዘጠና አንድ" ሲል እርምጃው አጠረ። "ሰማንያ ስምንት" ላይ እግሩ ቆመ። ስሌቱን አልሳተም፤ እምቢ ያለው እግሩ ነው።

ባለሙያው ጻፈ። ከዚያ በሩን ከፍቶ "ኮሪደሩ ላይ ደግሞ እንየው" አለ።

አባቴ በሩ ጋ ሲደርስ ደርቆ ቀረ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጫማው ግን ወለሉ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩት። አንዲት ሴትዮ ለአጠገቧ ሰው የሆነ ነገር ስታንሾካሹክ አየሁ። ቶሎ ከዓይናቸው ላውጣው ብዬ ክንዱን ይዤ ሳብኩት። ወገቡ መጣ፣ እግሩ ቀረ። ባለሙያው ደርሶ ባይደግፈው ኖሮ በግንባሩ ይደፋ ነበር።

"እህቴ፣ አይጎትቷቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። ከዚያ የራሱን እግር ከአባቴ እግር ፊት አግድም አስቀመጠና "መምህር፣ ይቺን እግሬን ይሻገሯት" አለው።

አባቴ አቀርቅሮ አያት። እግሩን ከፍ አደረገና ተሻገራት። ኮሪደሩንም ሄደ።

ተመልሰን ስንቀመጥ ባለሙያው "ይህ የበሽታው ጠባይ ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አለው።

አባቴ "መጠጥ አይደለም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"አይደለም፣ መምህር።"

"እንግዲያው በአማርኛ ጻፍልኝ። እንግሊዝኛውን እዚያ ማንም አያነብልኝም።"

ጻፈለት። ሐኪሙም ፈረመበት። ማህተም እስኪመታበት አባቴ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ እኔ ግቢውን ስዞር ነበር።

በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ከተተና በሀዲይኛ "አንቺም አሽትተሽኝ ነበር" አለኝ። "በፋሲካ ሰሞን፣ ስትስሚኝ።"

እውነቱን ነው። ጉንጩን ስስመው ትንፋሹን አሽትቻለሁ። ያወቀብኝ አልመሰለኝም ነበር።

ወረቀቱን ሽማግሌዎቹ አነበቡት። ቤት ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁት፤ ወደ አገልግሎቱም ተመለሰ። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ይሠራል። በሽታው እንደማይድን ግን ነግረውናል።

እኔንም "አልተቀየምኩሽም" ብሎኛል። እሱ ሳይረሳው አይቀርም። እኔ ግን ጊምቢቹ ሄጄ ስስመው፣ እያሸተትኩት እንዳይመስለው ዛሬም ትንፋሼን ዋጥ አደርጋለሁ።