ከጄሶው ሥር የሳቀው

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን ቅጥር ውስጥ በወንድሜ ስም የሚጠራ መቃብር አለ። የተቀበረበት ግን ፊት ብቻ ነው፤ ያውም የጄሶ ፊት። የወንድሜ መሆኑን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። የሱ ካልሆነ ደግሞ የኔ ነው። ይህን የምጽፈው እውነቱ ላይ ስለ ደረስሁ አይደለም። ነገሩን ከሚያውቁት ሰዎች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በገዛ ራሴ ጉዳይ ላይ ደካማ ምስክር ነኝ።

በጣሊያን ጊዜ ሦስት የተማሩ ፈረንጆች ከወታደር ጋር ወደ አገራችን መጡ። አንደኛው ሣሩን ከነሥሩ እየነቀለ በወረቀት መካከል ያደርቅ ነበር። ሁለተኛው በመዶሻ ድንጋይ እየፈለጠ በከረጢት ያጠራቅማል። ሦስተኛው የሰበሰበው እኛን ነው። የአገሩ ሰው የመጀመሪያውን ሣር አጫጅ፣ ሁለተኛውን ድንጋይ ወጋሪ ብሎ ሰየማቸው። ለሦስተኛው ስም ለማውጣት የደፈረ አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ፤ ለዘር ወቅት ወንድሜን ላግዝ ከጉባኤ ቤት ተመልሼአለሁ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ይበልጠኛል፤ በመልክ ግን ሰው ይለያየን የነበረው እሱ በሳቁ፣ እኔ በዝምታዬ ነው። ጤፍ ጭነን አምበር ገበያ ወርደን ሳለ ወታደሮች ገበያውን ከበቡና ወንዶቹን እየመረጡ ከወይራው ሥር አሰለፉን። እምቢ ያለ ይታሰራል፤ እሺ ላለ እፍኝ ጨው ይሰጠዋል ተባለ።

ሦስተኛው ፈረንጅ ረጋ ያለ፣ እጁ ለስላሳ ሰው ነበር። እንደ ጉጠት ባለ ብረት የራሳችንን ስፋት፣ የአፍንጫችንን ርዝመት ለካ። በሣጥን የተደረደሩ የመስታወት ዓይኖች ነበሩት፤ አንድ በአንድ እያነሣ ከዓይናችን አጠገብ ይዞ ያስተያያል። ብዙ ዘመን ቆይቶ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይህ ዓይነቱ ሥራ ሳይንስ ይባል እንደ ነበር፣ መደምደሚያው ከመለኪያው ቀድሞ የተጻፈ እንደ ነበርም ተማርሁ። በዚያ ቀን ግን የማውቀው የብረቱን ቅዝቃዜ ብቻ ነው፤ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርሱን እንደሚያየው በሬ መሆኔን።

አስተርጓሚው ከሐማሴን የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነበር። ሰውዬው ሁለታችንን ደጋግሞ ካየን በኋላ መንታ መሆናችንን አስጠየቀ።

«አይደለንም» አለ ወንድሜ። «እኔ ቀድሜ ወጥቼ በሩን ከፈትሁለት በለው።»

አስካሪው ፊቱን ሳያንቀሳቅስ አንድ ነገር ተናገረ። ሰውዬው እንደ ገና ለካን፤ ከዚያም አንገቱን እየነቀነቀ ረጅም ነገር አወራ። ልካችሁ አንድ ነው፣ እንደ አንድ ሰው ናችሁ ይላሉ ሲል አስካሪው ተረጎመልን።

«እንግዲያ አንዱ ይበቃዋላ» አለ ወንድሜ። «አንዳችንን ይልቀቀንና አህያዋን እናራግፍላት በለው። ጭነት እንደ ተሸከመች ቆማለች።»

በሰልፍ የቆመው ሁሉ ሳቀ። አስካሪው ይህን ይተርጉመው አይተርጉመው እንጃ። የለቀቀን ግን የለም።

ቁርበት አንጥፈው ጎን ለጎን አጋደሙን። ፊታችንን ቅባት ቀቡት፤ ከአንድ ገበያተኛ ጭነት የስንዴ አገዳ መዝዘው ለመተንፈሻ በአፍንጫችን ሰኩልን። ዓይን ይጨፈን፣ አፍ ይገጠም፣ ሳይደርቅ የሳቀ ሥራውን ያበላሻል ብለው አስጠነቀቁን። ከዚያ በገበቴ የበጠበጡትን ነጭ ነገር አፈሰሱብን። ሲያርፍ ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ቆይቶ ከራሱ ውስጥ መሞቅና መክበድ ይጀምራል። የገበያው ጫጫታ ከጉድጓድ አፋፍ የሚመጣ መሰለኝ። ከአጠገቤ የነበረ እጅ እጄን ያዘኝ፤ ወይም እኔ ያዝሁት።

በዚህ መካከል ከሁለታችን የአንዱ አገዳ እንደ ዋሽንት አፏጨ። ሌላው ሳቀ።

ጄሶው ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ከራሴ ፊት ይሁን ከጎኔ ግን መለየት አልችልም፤ ከዚያ ሥር ሆኖ ድምፅ አቅጣጫ የለውም። ሰውዬው ጮኸ። የተሰነጠቀውን አንሥተው ድንጋይ ላይ ወረወሩት። ዱቄቱ አልቆ ስለ ነበር ደግመው አልሠሩትም። ደህናው ሲደርቅ አንሥተው በገለባ ጠቀለሉት፤ ማንኛችን ቀድመን እንደ ተነሣን ግን አላስታውስም። ተነሥተን ቅንድባችን ላይ የተጣበቀውን ነጭ ነገር ስንልጥ፣ ወንድሜ ሽማግሌ መሰልህ አለኝ። ጨዋችንን ተቀብለን አህያዋን ልናራግፍ ሄድን፤ ስለ ሳቁም ዳግመኛ አላነሣንም። ማን እንደ ሳቀ መጠየቅ አንድ ቀን ያስፈልጋል ብዬ እንዴት ላስብ?

ወንድሜ ብዙም ሳይቆይ ዱር ገባ። የኛም መንደር በዚያ ምክንያት ተቃጠለ፤ ቤታችን ከነዕቃው ነደደ። በተከታዩ ክረምት አንድ ጓደኛው መጥቶ፣ ዓባይን ሲሻገሩ በጥይት ተመትቶ ውሃ እንደ ወሰደው ነገረን። ባዶ እጁን ነበር የመጣ።

በአገራችን ሬሳው ለቀረበት ሰው ልብሱና መሣሪያው በአልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀስለታል። የወንድሜ ጋቢም ጠመንጃም አብረውት ሄደዋል፤ የቀረውን እሳት በልቶታል። ለቀስተኛው ተሰብስቦ፣ አልቃሿም መጥታ፣ በተውሶ አልጋ ዙሪያ ሰው ቆመ። እናቴ አልጋውን አየችና «በባዶ ጠፍር ላይ አላለቅስም» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ጠጉሯን አልተላጨችም፤ ከልም አልለበሰችም። ስለ እሱ ስታወራ «ሲመጣ» ትል ጀመር። ሊመጣ እንደማይችል ከሁላችንም ይልቅ የምታውቀው ግን እሷ ነበረች። ሌሊቱን ጋደም ሳትል፣ ቀኑን ምግብ ሳትቀምስ መዋል ስታበዛ፣ የወንድሜ መቃብር መጥፋት የእናቴን መቃብር እየቆፈረ መሆኑ ገባኝ።

ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ሲወጣ ሕዝቡ ከየቤቱ በሩንም ቆርቆሮውንም ማውጣት ያዘ። አጎቴ ከከተማ ተመልሶ፣ አንድ ግምብ ቤት ጓሮ የሰው ፊት ተከምሮ አየሁ፣ ሰዉ ለግድግዳ መለሰኛ እየወቀጠው ነው ብሎ አወራ። እናቴ ነጠላዋን አነሣች።

ስንደርስ ግቢው በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል፤ ሴቶች በሙቀጫ ይወቅጣሉ። ከስብርባሪው መካከል እዚህ ግማሽ ግንባር፣ እዚያ አገጭ ይታያል። ሰውዬው ከያንዳንዱ ቅርፅ ውስጥ የፊት ቅጂ አውጥቶ ወደ አገሩ ወስዶ፣ ቅርፆቹን ትቶ እንደ ሄደ የገባኝ በኋላ ነው። ደህና ሆኖ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ጎድጓዳውን ወደ እኛ አድርጎ ቆሟል። ዓይኑ ተጨፍኗል፤ ከንፈሩ ተገጥሟል። የኛ ቤት መልክ ነበር።

እናቴ በፊቱ አለፈች፤ ከዚያም ቆመች። ወደ ኋላዋ ሁለት እርምጃ ተመለሰች።

«ዞረ» አለች። «አየኸው?»

አይቻለሁ። ዓይኑን እንደ ጨፈነ በሄደችበት ሁሉ ይዞር ነበር።

በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አዝላው ተመለሰች። ከቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ነፍስ አባታችን ሄደች፤ ፈረንጁ ገበያ ላይ ያነሣው የልጄ ፊት ነውና ፍቱልኝ፣ ቅበሩልኝ አለች። አባ በዕድሜ የገፉ፣ ችኮላ የማያውቁ ካህን ነበሩ። ቅርፁን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። ጸሎቱን በስሙ እንደሚያደርሱለት፣ መቃብር ግን ሥጋ እንደሚፈልግ በለሆሳስ አስረዷት። ለምኖ በማይሰለች እንባዋ ሲረቱ ደግሞ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«አንተስ አብረኸው አልነበርህም? ያንተንም ፊት አላነሡምን?»

ያለውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሁለታችንም ከጄሶው ሥር መተኛታችንን፣ አንዳችን መሳቃችንን፣ የሳቀው ሰው ቅርፅ መሰበሩንና የቀረው አንድ ብቻ መሆኑን። አባ ቅርፁን ከጉልበታቸው አንሥተው በቀስታ ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ይህ ከባድ ነገር ነው» አሏት። «የሕያው ልጅሽ መልክ ቢሆንስ? በሕያው ላይ ፍትሐት አይደረግም። የሳቀው ማን ነው?»

አላውቅም አልሁ። እውነቴን ነበር። አባ ግን የወንድሜን ሳቅ ያውቁታል፤ በቅዳሴ መካከል ስንት ጊዜ ገሥጸውታል። አብሮን የመጣው አጎቴም ያውቀዋል። እኔ ስስቅ ያየ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሁሉም የሚያስበውን ሁሉም ያውቅ ነበር።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ቀን የሳቅኸው አንተ ነህ» አለች።

በቁጣ አልነበረም፤ የጠፋ ዕቃ ያለበትን ቦታ እንደሚያሳይ ሰው ነው የተናገረችው። አባ እኔን አዩኝ። አጎቴም አየኝ። እኔ የእናቴን ጉንጭ አየሁ፤ አጥንቱ ወጥቷል። ራሴን ነቀነቅሁ። ራሴን በነቀነቅሁበት ቅጽበት እንደ ሳቅሁ ታወሰኝ፤ የወንድሜ አገዳ ሲያፏጭ፣ ሆዴ ሲንቀጠቀጥ፣ ጉንጬ ላይ ጄሶው ሲከፈት፣ በስንጥቁ ብርሃን ሲገባ።

በማግሥቱ በበፍታ ከፍነን ቀበርነው። ጉድጓዱ ለሕፃን የሚቆፈር ያህል ነበር። እናቴ ጠጉሯን ተላጨች፤ መሬት ላይ ወድቃ እንደ ሰው አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን እህል ቀመሰች።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ። አንድ ቀን የሥነ ልቦና መምህራችን አንድ ጭምብል በጀርባው አዙሮ ጠረጴዛ ላይ አቆመና በፊቱ እንድንመላለስ አዘዘን። ፊቱ ከያንዳንዳችን ጋር ዞረ። አእምሮ ፊትን ጎድጉዶ ማየት እንደማይወድ፣ ጎድጓዳውን እብጥ አድርጎ እንደሚያነበውና በዚህ ምክንያት ፊቱ የሚከተለን እንደሚመስል አስረዳን። ጓደኞቼ እየሳቁ ተመላለሱ። እኔ ወንበሬን ጨብጬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትውስታዬ ላይ ያለኝ እምነት ላላ። የማስታውሰው የብርሃን ስንጥቅ እውነት የነበረ ነው? ወይስ እናቴ ባዶ ያደረገችልኝን ቦታ አእምሮዬ እብጥ አድርጎ የሞላው?

ለእረፍት ስመለስ አልቻልሁምና ነገሩን ለእናቴ አጫወትኋት። እንዲህ ያለ ቅርፅ ሁሉ፣ የማንም ፊት ይሁን፣ ለተመለከተው ሁሉ ይዞራል አልኋት። ጥጥ እየፈተለች ሰማችኝ።

«ለሁሉም ይዞራል?» አለች። «ወንድምህም እንደዚያው ነበር።»

ከዚያ እንዝርቷን አቁማ የገበያውን ቀን ታወራልኝ ጀመር። ቁርበቱ ዳማ እንደ ነበር፣ የወይራው ጥላ እግራችን ላይ እንጂ ፊታችን ላይ እንዳልደረሰ፣ አስካሪው ቀዩን ቆቡን እንዳወለቀ። አንተ ስትስቅ ሰውዬው ገበቴውን በእግሩ መታው አለችኝ። ሁሉም ልክ ነበር። እሷ ግን ያን ቀን አምበር አልወረደችም፤ ወይም እኔ አልወረደችም ብዬ ይዣለሁ። ነበርሽ እንዴ ብዬ ስጠይቃት በርኅራኄ አየችኝ።

«ታዲያ ማን አይቶልህ ነው ልጄ?» አለች።

ዕድሜ ጠግባ ስታርፍ ከልጄ አጠገብ ቅበሩኝ ብላ ተናዝዛለች። ቀብር ቆፋሪዎቹ ሁለት የሠፈራችን ጎረምሶች ነበሩ። ጉድጓዱን ሲያሰፉ መሬቱ በድንገት ነጭ ሆነ። የተከፈነ ነገር የለም፤ ቅርፅ የለም፤ የዘመናት ዝናብ ጄሶውን አሟሙቶት እንደ ሊጥ የላላ ነጭ አፈር ብቻ ቀርቷል። አንደኛው በእጁ አፍሶ ወደ ላይ ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ወንድሜ ነው» አልሁ። በሕይወቴ ያን ቃል ሳላመነታ የተናገርሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጁ መዳፉን አየ፤ ጓደኛውን አየ። «ወንድምዎ ኖራ ነበሩ እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ቀልዱ ካፉ አምልጦት ሲደነግጥ ታየኝ። የእናቴ አስከሬን ከጀርባዬ ነው፤ ካህናቱ ያዜማሉ። ከሆዴ አንድ ነገር ሲንቀጠቀጥ ተነሣ፤ ከወንድሜም ከእኔም የማን እንደ ሆነ ያላወቅሁት ሳቅ። ዓይኔን ጨፈንሁ፤ አፌን ገጠምሁ፤ በአፍንጫዬ ብቻ እየተነፈስሁ እስኪያልፍ ድረስ ፊቴን ሳላንቀሳቅስ ቆምሁ።