ጫካ ውስጥ አቤት አይባልም

ጫካ ሰው አይውጥም። ቤቴል ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ይውጣል ይላል፤ ዩቲዩብ ላይ የሚያስፈራ ሙዚቃ ከኋላ ለቆ የሚተርከውም ይላል። እኔ ጎልማሳነቴን የጨረስኩት ደን ጥበቃ ላይ ነው። ጫካው አንድም ሰው ሲውጥ አላየሁም። ያየሁት የሚወድቅ ሰው፣ የሚያፍር ሰውና የሚሰለች ፈላጊ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ከኮልፌ ተነስቼ በታክሲ ዓለም ባንክ ደረስኩ፣ ከዚያም በሌላ ታክሲ ከከተማ ወጣሁ። የለበስኩት ካኪ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ስለሆነ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀርቷል። የታክሲው ረዳት ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ ባንክ ነው የምትጠብቀው?» አለኝ።

«ጫካ ነው።»

«ጫካ ደግሞ ማን ይሰርቀዋል?» አለና ፊቱን አዞረ። ታክሲው ሙሉ ሳቀብኝ።

ተራራው ግርጌ ካለው ኬላ የተቀበሉኝ ዋናው ስካውት ጋሽ ቶለራ ነበሩ። ስካውት የምንባለው እኛ የደን ጠባቂዎቹ ነን። ጋሽ ቶለራ የአካባቢው ተወላጅ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር። ቦት ጫማ፣ ፊሽካና ዱላ ሰጡኝ።

«ዛፍ ልትጠብቅ የመጣህ ይመስልሃል?» አሉኝ። «ዛፍ የትም አይሄድም። የሚሄደው ሰው ነው።»

ከእሳቸው በታች የምድብ ኃላፊዎች አሉ፤ ከእነሱ በታች እኛ። ከሁላችን በላይ ከተማ ያለው ቢሮ ነው። ቢሮው ስልክ ይደውላል፣ ጭቃ አይረግጥም።

ሥራው የታወቀ ነው። ክልሉን መዞር፣ እንጨት ቆራጭ ማባረር፣ እሳት ማየት። የጠፋ ሰው መፈለግ በሥራ ዝርዝራችን ውስጥ የለም፤ ግን ሰው በጠፋ ቁጥር ሁሉም የሚሮጠው ወደ እኛ ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ማር ቆራጭ ጠፋ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ ስሙን እየጠራ፣ እኛም ፊሽካ እየነፋን ከረምን። አልተገኘም። እስከ ዛሬም አልተገኘም። አንዳንዱ ጅብ ነው አለ፣ አንዳንዱ የውቃቢ ቦታ ረግጦ ነው አለ። ሚስቱ በየገበያው ቀን ኬላው በር ላይ ትቆምና ጋሽ ቶለራን ታያቸዋለች። እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ ስለጠፉ ሰዎች የተጻፈ መጽሐፍ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዝናብ ሲዘንብ ኬላ ውስጥ ከማንበብ ሌላ ሥራ ስለሌለ ባልደረቦቼ «ፕሮፌሰር» ይሉኝ ጀመር፤ ማሾፋቸው ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ሰውየው ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል፣ ዘወር ሲሉ የለም፣ ጫማው ብቻ ይገኛል፣ ደራሲው «እስከ ዛሬ ምስጢር ነው» ብሎ ምዕራፉን ይዘጋል። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ሽንቱ የሚመጣበት ሰው የለም። በእኛ ጫካ ግን ከጠፉት አብዛኞቹ ለሽንት ዘወር ያሉ ናቸው። ጨዋ ሰው ደግሞ ራቅ ብሎ ይሄዳል።

ማርታ የጠፋችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የዓለም ባንክ ልጅ ናት፣ ባለትዳር፣ ስፌት ሠሪ። ከቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ቡድን ጋር ጠዋት ወጣች። ልማዳቸውን እናውቀዋለን፤ ተራራው ላይ ይዘምራሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ዛፍ ሥር ይንበረከካል፣ ሲጨርሱ መዝሙር እየሰሙ ይሰበሰባሉ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። መዝሙሩን ሰምተው ሁሉም መጡ፤ ማርታ አልመጣችም።

እስኪጨልም ፈለግን። ቡድኑ በአንድ በኩል «ማርታ!» ይላል፣ እኛ በሌላ በኩል። ከየአቅጣጫው እየጠራን እናልፋለን። ያገኘነው ጃኬቷንና ጫማዋን ብቻ ነው። ጃኬቱ በሥርዓት ተነጥፏል፣ ጫማዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በማግስቱ ፖሊስም ሰፈርተኛውም መጣ። ባሏ ደረጀ ኮልፌ በር የሚበይድ ሰው ነው፤ ዓይኑ ከብየዳው ይሁን ካለመተኛቱ ደም መስሏል። ጓደኛው አብዱ ኮልፌ ገበያ ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ የሚሸጥበትን ድምፅ ማጉያ አንጠልጥሎ፣ ጥቂት ብርድ ልብስም ተሸክሞ መጣ።

የጃኬቱና የጫማው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ተራራውን ወጥቶ ወርዷል። አንድ የቡድኑ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንደ ሄኖክ ወደ ሰማይ ተወስዳ ቢሆንስ?» አለ።

ደረጀ ዞረበት። «እሷ የምታበስልለት ቤት የላትም? የሚጠብቋት ልጆች የሏትም? ወንድሜ፣ ወይ ፈልግ ወይ ውረድ!»

ሰውየው ዱላውን አነሳ።

አብዱ በማጉያው ሊጣራ ቁልፉን ሲጫን ቀድሞ የተቀዳው ድምፅ ወጣ። «ብርድ ልብስ! ብርድ ልብስ! ሞቅ ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ኑ ውሰዱ!» ጫካው ሁሉ ሰማ። አብዱ ማጥፊያው ጠፍቶበት ሲታገል ሁለት ጊዜ ተደገመ። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቢሮው ተደወለ። ኃላፊው «እስከ ማታ ካልተገኘች ለፖሊስ አስረክባችሁ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» አለ። ጋሽ ቶለራ «እሺ» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። ሁለተኛ ሌሊት በዚያ ብርድ፣ ያለ ጃኬትና ያለ ጫማ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የማርታ እናት እማማ ወርቄ ከጠዋት ጀምሮ ኬላው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉሙ እንደገና ወርዷል። ደረጀ ከኬላው ጀርባ ሆኖ «እማማ!» ብሎ ጠራቸው። ቀና አሉ። አልመለሱም። «እማማ!» አለ እንደገና። ወደ ድምፁ እያዩ ዝም። መጥቶ ፊታቸው ሲቆም ነው «አቤት ልጄ» ያሉት።

ጋሽ ቶለራ ይህን ቆመው አዩ። ቀረብ ብለው «እማማ፣ እየሰሙ አይመልሱም እንዴ?» አሏቸው።

«ሰውየውን ሳላይ?» አሉ እማማ ወርቄ፣ እንደ መገረም ብለው። «ጫካ ውስጥ አቤት አይባልም። ስም ጠርቶ የሚወስደው ማን እንደሆነ ይታወቃል?»

«ይህን ማርታም ታውቃለች?»

እማማ ወርቄ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሉ። «ገና ሳትናገር ጀምሮ።»

ጋሽ ቶለራ ፊሽካ ሁሉ ኪስ እንዲገባ አዘዙ። አብዱ የማጉያውን ባትሪ አወጣ። እማማ ወርቄን ደግፈን ጃኬቱ ወደተገኘበት ወሰድናቸው። ማንም እንዳይራመድ፣ ማንም እንዳያስል ተባለ።

«የሷን ስም ጠርተው የእርስዎን ይናገሩ» አሏቸው ጋሽ ቶለራ።

«ሰይጣን የእናትን ድምፅ ማስመሰል ያቅተዋል ብለህ ነው?» አሉ እማማ ወርቄ። «የማይደፍረው ስም አንድ ነው።» ከዚያ አሮጊት ያወጣዋል በማይባል ድምፅ ጮኹ። «ማርታ! በኢየሱስ ስም፣ እናትሽ ነኝ! በኢየሱስ ስም፣ እናትሽ ነኝ!»

አዳመጥን።

ሦስተኛውን ሲጠሩ ከበታቻችን፣ ቁጥቋጦ ከሸፈነው ገደል ውስጥ «አቤት» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ስንት ጊዜ ከአጠገቧ እንዳለፍን ያሳየን ቁጥቋጦው ዳር ያለው የራሳችን ዱካ ነው። በአብዱ ብርድ ልብስ ጠቅልለን በሁለት አጣና ተሸከምናት። ምስጢሩም መንገድ ላይ ተፈታ። ጃኬቱን ያነጠፈችው ልትንበረከክበት ነው። ጫማውን ያወለቀችው የምትጸልይበት ቦታ የተቀደሰ ስለሆነ ነው። ጸሎቱ መሐል ሽንቷ መጣ፤ ዘወር አለች፤ ጉሙ ወረደ፤ መሬቱ አለቀ።

ደረጀ እያለቀሰ «ስንጠራሽ አልሰማሽም?» አላት።

«ሰምቻለሁ። ስሜ ከዚያም ከዚያም ይጠራል፤ መልሶ ይጠፋል። ማን እንደሆነ በምን አውቄ?» አለች። ጥርሷ ይንቀጠቀጣል። «ዛሬ ደግሞ በብርድ እየሞትኩ ብርድ ልብስ ውሰጂ አለኝ። ያኔማ እሱ ራሱ መሆኑን አረጋገጥኩ።»

አብዱ አጣናውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

እግሯ ዳነ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። እማማ ወርቄ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ሆነው እንኳ ሲጠሩ ከማንም ቀድመው ነው አቤት የሚሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ ኬላ አጠራር ተለወጠ። የሚጠራው አንድ ሰው ነው። አንድ ቦታ ቆሞ ደጋግሞ ይጠራል፤ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደላከው ይናገራል፤ ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ሳይኖር አንወጣም፤ የጠፋው ሰው የሚያምነው ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

ጋሽ ቶለራ ጡረታ በሚወጡበት ሰሞን ኬላው በር ላይ አብረን ቆመን ነበር። የገበያ ቀን ነው። የማር ቆራጩ ሚስት መጣች፣ አየቻቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሄደች። እስክትርቅ በዓይናቸው ተከተሏት።

«እኛም ቤት አቤት አትበሉ ተብለን ነው ያደግነው» አሉኝ። «ፕሮፌሰር፣ ያ ሰውዬ ሰምቶን ይሆን?»



ከሥራ ዘመኔ የያዝኩት ይህን ነው፤ ምስጢር የሚባለው ነገር ያለው የጠፋው ሰው ዘንድ ሳይሆን ፈላጊው የቆመበት ቦታ ነው። የጠፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሰማል።

እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልጆቻችሁን ስማችሁ ሲጠራ ዝም በሉ ብላችሁ አስተምራችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ራት ላይ ተሳስቼ ነበር በሏቸው። አቤት ይበሉ።