የፓምፑ ክዳን

ከቢቸና ወረድ ብሎ ባለ ወንዝ ዳር ሽንኩርት እናለማለን። የቤንዚን ፓምፑ የእኛና የጎረቤቶቻችን የጋራ ስለሆነ በተራ ነው የምንጠቀምበት። ያን ቀን ተራው የእኛ ነበር፤ ሲመሽ ጎረቤታችን ሊወስዱት ነው። ችግኙን አንድ በአንድ የተከልኩት እኔ ነኝ። ቅጠሉ ተኝቶ ሳየው አንጀቴን በላው። ያን ቀን ካልጠጣ እስከሚቀጥለው ተራ እንደማይቆይ ታላቅ ወንድሜም እኔም እናውቃለን።

ፓምፑ ገመዱ ሲሳብ ወዲያው ተነሣ። ውሃው እኩሌታው ማሳ ላይ ሲደርስ ግን አስነጠሰና ጠፋ። ወንድሜ የቤንዚን መያዣውን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን አለው። መልሶ አጥብቆ ዘጋና ሳበው፤ ተነሣ። ጥቂት ሠርቶ እንደገና ጠፋ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅሎ ጠረገው፤ አልተነሣም። ቤንዚን ልጨምር ብሎ ጠርሙሱን መያዣው አፍ ላይ ደፍኖ ሲገለብጠው አልወርድ አለ፤ ቀና ሲያደርገው እጁ ላይ ተረጨ። ክዳኑን ዘግቶ ሲስበው ተነሣ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ያው ጠፋ።

ጎረቤታችን ተራቸውን ሊጠብቁ መጥተው የማሳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ሮብ አይደል? ፓምፑም ጦመኛ ሆኗል» አሉ።

«አይቀልዱ ጋሼ። የቢቸናው መካኒክ ስልክ አያነሣም፤ ሞጣ ልወስደው ነው» አለ ወንድሜ።

«ሞጣ ከወሰድኸው የእኔንም ተራ አብረህ ወሰድህ በለኛ!»

እኔ ሰው ባለበት አላወራም። አንደኛ ደረጃ ስማርም መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ፤ ሞተሩ የሚነሣው ክዳኑ ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከክዳኑ ሥር ደግሞ ወንድሜ ጠዋት ፌስታል አድርጎበታል፤ ፓምፑን ሲሸከም ቤንዚኑ ጀርባውን እያረሰ ስላስቸገረው።

ሽንት ቤታችን በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ተበስቶ የእስክሪብቶ ቀፎ ተሰክቶበታል። ክዳኑን ሲያጠብቁት ውሃው ይቆማል፤ ሲያላሉት ይፈስሳል። አየር ካልገባ አይወጣም።

ወንድሜ ቱቦውን መፍታት ጀመረ። ሽንኩርቱን አየሁት።

«አያ… ክዳኑን አታጥብቀው።»

«ምን አልሽ?»

«እንደ እጅ መታጠቢያው ነው። ፌስታሉ አየር ከልክሎታል።»

ጎረቤታችን ከት ብለው ሳቁ። «ይች ልጅ አፍ አላት እንዴ! እኔ እኮ ዝምተኛ ናት ብየ ለልጄ ልጠይቃት ነበር፤ አሁንስ ፈራሁ!»

ፊቴ ጋለ። ወንድሜ ግን አልሳቀም። ፌስታሉን አወጣና ክዳኑን ወደ ፀሐይ አድርጎ አየው። መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳም በጭቃ ተደፍናለች። በእሾህ ጠረጋትና ዘግቶ ገመዱን ሳበ፤ ተነሣ።

እኔ መቆፈሪያየን ይዤ ወደ ቦዩ ሮጥኩ፤ ከሰው ዓይን ለመሸሽም፣ ውሃውን ለመምራትም። ሞተሩ አሁን ይጠፋል፣ አሁን ይጠፋል እያልኩ ጆሮየ እዚያው ነው። አልጠፋም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው መጨረሻው መደብ ደረሰ።

ጎረቤታችን ፓምፑን ሊሸከሙ ሲያጎነብሱ ከክዳኑ ቤንዚን ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ፌስታሉን ከመሬት አንሥቼ ትከሻቸው ላይ አነጠፍኩላቸው።