አሸንፎ የማይወስድ ተጫራች

ዲላ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ልሽጥ ወይም ልግዛ ያለ ሰው ዞሮ ዞሮ ቆንጅት እጅ ይገባል። ሱቅ የላትም። ያላት አንድ ስልክ፣ አራት ሺህ ሰው የሚከታተለው የቴሌግራም ቻናል እና ማንም የማይደፍረው ምላስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ አገሩ የሚዛወር መምህር አልጋውን፣ የተመረቀ ተማሪ ምድጃውን፣ የተፋታ ሰው ሶፋውን ይሰጣታል። እሷ ጠዋት ፎቶውን ትለጥፋለች፤ ሰው ቀኑን ሙሉ ዋጋ ሲጨማምርበት ይውላል፤ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ተዘግቷል» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢላክባትም አትከፍተውም።

የዚህ ሥራ እርግማን አሸንፎ የማይከፍል ሰው ነው። ሌላው ሲጨምር እያየ ደሙ ይፈላና ዋጋውን ሰማይ ይሰቅለዋል፤ «አሸንፈሃል፣ ና ውሰድ» ሲባል ስልኩን ያጠፋል። ሚስቴ እምቢ አለች የሚል አለ፤ ልጄ ነው ስልኬን የነካካው የሚል አለ። ከድምቢጦ ሰፈር አንዱማ የጎረቤቱን ፍሪጅ ሦስት ጊዜ አሸንፎ ሦስቴም አልወሰደም፤ ለካ ጎረቤቱ እንዳይሸጥ ብቻ ነበር ጉዱ። ቆንጅት አንድ ሰሞን ማስያዣ ካላስያዛችሁ ብትል አገሩ በሙሉ አኮረፋት። ስለዚህ የራሷን ሕግ አወጣች፦ አሸናፊው በሁለት ቀን ካልመጣ ዕቃው ለሁለተኛው ያልፋል፣ የቀረው ሰው ስም ደግሞ «ጥቁር መዝገብ» በሚል ርዕስ ከነሽሙጡ ቻናሉ ላይ ይወጣል። ሰው ከፍርድ ቤት ይልቅ ይቺን መዝገብ ይፈራል።

የሰው ዕቃ ሲያልቅ የቤቷን አወጣች እንዳይባል ብላ ሰባት ዓመት ሙሉ ያልነካችው አንድ ክፍል ነበር፤ የወንድሟ የነብዩ ክፍል። ነብዩ እዚሁ ዲላ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ሲያጣ፣ አንድ ጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍሮ በሞያሌ መስመር ወጣ። ድንበር ተሻግሮ አንዴ ደወለ። «እታለም፣ ደርሼ እደውላለሁ» አለ። ታላቅ እህቱን እታለም እያለ የሚጠራት በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ሰባት ዓመት።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ በአራተኛው ዓመት ሰው አስከትለው ቤት መጥተው ነበር። ልጁ አይመለስም፣ ለቅሶ ተቀመጡ፣ ወጉ ይድረሰው ለማለት። እናቱ ወይዘሮ መሰለች ሙሉ ንግግሩን በጨዋነት ሰሙና፣ «መርዶ ሳይመጣ አላለቅስም። አይቶ የመጣ ሰው ይንገረኝ» አሉ። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ቆባቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለ ነብዩ ሲወራ «ሲመጣ» እየተባለ ነው።

ቆንጅት ግን ዘንድሮ አንጀቷ ቆረጠ። ከቤቱ ክፍሎች አንዱን ሀሴት የምትባል ተማሪ ተከራይታዋለች፤ የነብዩም ክፍል ተከራይ አያጣም፤ ዕቃው ደግሞ ብል እየበላው ነው። ሀሴት ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት፣ እናቷን ሳታማክር የነብዩን ሳይክል ፎቶ አንስታ ለጠፈችው። ለጠፈችውና ቀኑን ሙሉ ስልኩን ስትከፍትና ስትዘጋ ዋለች። የሰው ዕቃ ብትሸጥ ኖሮ እንዲህ አትሆንም ነበር።

በሳይክሉ ላይ በዋናነት የተጫረተው ፈድሉ የተባለ ባጃጅ ነጂ ነው። አሥራ አንድ ሊሞላ ሲል ግን አዲስ ስም ብቅ አለ፤ «ባለ ዕቃው» የሚል። ፎቶ የለውም፤ ስልክ ቁጥሩም አይታይም። ፈድሉ በጨመረ ቁጥር እየተከተለ መቶ ብር ብቻ ይጨምራል። አንድ ቃል አይናገርም፤ ቁጥር ብቻ። መጨረሻ ላይ ፈድሉ ተወውና ባለ ዕቃው አሸነፈ። ቆንጅት «እንኳን ደስ አለህ፣ መቼ ትወስዳለህ?» ብላ ጻፈችለት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መልሱ መጣ።

«አስቀምጪልኝ።»

ሁለት ቀን ጠበቀችው። አልመጣም። ብትጽፍለት አይመልስም። ቆሽቷ አረረና ስሙን ጥቁር መዝገብ ላይ ለጠፈችው፤ «ባለ ዕቃው ነኝ ባዩ ዕቃውን የፈራ ጀግና» ብላም ጨመረችበት። ከዚያ ፈድሉ ጋር ደወለች።

«ያ ሳይክል አልፈልግም» አለ ፈድሉ።

«ከትናንት በስቲያ ስትሞትለት አልነበር?»

«ቆንጅት፣ ስሙን አላየሽም? ባለ ዕቃው ይላል። ባለቤት እያለው እኔ ወስጄ ምን ልሁን? እኔ ሰው ጭኜ እነዳለሁ፣ መንገድ ላይ እውላለሁ። ይቅርብኝ።»

ሳቀችበት። ስልኩን ስትዘጋ ግን ሳቋ አብሯት አልቆየም።

በሳምንቱ የነብዩን ቴፕ አወጣች። ባለ ዕቃው መጣ፤ በመቶ በመቶ ጨምሮ አሸነፈ። «አስቀምጪልኝ» አለና ጠፋ። ቆንጅት አሁን ንዴቷ ሌላ ነገር እየሆነባት ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ቻናሉ ላይ ስሟ የለም፤ የማያውቃት ሰው ሁሉ «ወንድሜ» እያለ ነው የሚጽፍላት። ይሄ ሰው ሴት መሆኗን በምን አወቀ? ሁለተኛ፣ በዚያው ቀን የአንድ መምህር ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ለጨረታ ወጥተው ነበር፤ ዞር ብሎም አላያቸው። ሰውየው የሚፈልገው የነብዩን ዕቃ ብቻ ነው። የነብዩ መሆኑን ደግሞ የትም አልጻፈችም።

ሦስተኛው የነብዩ ታኬታ ጫማ ነበር። ያን ቀን ቆንጅት ገበያ ልሂድ ብላ ወጣችና ከበር ተመለሰች። ለምን እንደተመለሰች ብትጠየቅ አታውቅም። ዝናብ ሊመጣ ደመናው ወርዶ ቤቱ ጨልሟል። የነብዩ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን አለ። ገፋ አደረገችው።

እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነብዩ ትቶት የሄደውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ክንዳቸውን ዘርግተው ይዘው በአንድ ጣት ይነካካሉ።

«እማዬ! አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ይሁን?» አሉ ወይዘሮ መሰለች፣ አልደነገጡም። «ልጄ ሲመጣ በባዶ እግሩ ይሂድ? ሀሴት ሳይክሉን ቻናልሽ ላይ አይታ አሳየችኝ። በመቶ ጨምሪ፣ የሚበልጥሽ የለም አለችኝ። ስሙንም ባለ ዕቃው በይልኝ አልኳት፣ የእሱ ስለሆነ።»

ቆንጅት መሬት ላይ ቁጭ አለችና እስኪያማት ሳቀች። ዲላን በሙሉ ስታስፈራራ የኖረች ሴት፣ የገዛ እናቷን ጥቁር መዝገብ ላይ ለጥፋ ሰድባለች። በመቶ በመቶ መጨመሩ እንኳ ሊገባት ይገባ ነበር፤ ወይዘሮ መሰለች ሠላሳ ዓመት ዲላ ገበያ ኮረሪማና በርበሬ ሲሸጡ በመቶ ነበር የሚከራከሩት። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ አልሳቀችም። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች፣

«እሺ፣ አስቀምጪልኝ ብሎ የሚጽፍልሽስ ማነው?» አለች።

«የምን መጻፍ?»

«ስታሸንፊ የምትልኪው ነዋ። አስቀምጪልኝ እያልሽ።»

እናቷ አዩዋት። «ቆንጅት፣ እኔ ፊደል የት አውቄ?»

እውነት ነው። ወይዘሮ መሰለች ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቁም፤ የእድር መዝገብ ላይ በጣታቸው ነው የሚፈርሙት። ቆንጅት ስልኩን ተቀበለች። ሁለቱም መልእክቶች እዚያው አሉ፣ ከዚያው ስልክ የተላኩ ናቸው። ቆማ ስታያቸው ኪሷ ውስጥ ያለው የራሷ ስልክ ተንቀጠቀጠ። አሥራ አንድ ሰዓት ሞልቶ ነበር። በታኬታውም ባለ ዕቃው አሸንፏል። የእናቷ ስልክ መዳፏ ላይ ነው፤ የሰው ጣት አልነካውም። ግን ሦስተኛው «አስቀምጪልኝ» ከሁለቱ ሥር ተጽፏል።

ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ የሄደችው ሀሴት ጋር ደወለች። ሀሴት ነገሩ ስለታወቀባት መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች።

«እትዬ ቆንጅት ይቅርታ፣ እማማ አታውሪ ስላሉኝ ነው! ሲሪየስሊ ግን አሪፍ ነው ያደረጉት።»

«ጽሑፉን ማን አስተማራት?»

«የምን ጽሑፍ? ቁጥር ብቻ ነው ያሳየኋቸው። ያ ስልክ እኮ አማርኛ መጻፊያ የለውም። ልጭንበት ብዬ አሮጌ ስለሆነ እምቢ ሲለኝ፣ ስሙን እንኳ ከእኔ ስልክ ገልብጬ ነው ያስገባሁት።»

ቆንጅት ስልኩን ከፍታ አየች። መጻፊያው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው ያለው። አንድ የአማርኛ ፊደል የለውም። በልጅነቷ ወንዝ ዳር ሲመሽባት የሚመጣባት ዓይነት ፍርሃት መጣባትና ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

ወይዘሮ መሰለች ግን አልፈሩም። የተጻፈውን ስታነብላቸው ፊታቸው በራ። «አላልኩሽም? አለ። ልጄ አለ!» አሉና እልልታቸውን ለጎረቤት እንዳይሰማ በነጠላቸው አፈኑት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። የነብዩ አንሶላ ታጠበ፤ ለእሱ ተብሎ ሽሮ ተፈጨ። ቆንጅት ደግሞ ሰርቃ ትጽፋለች፦ ማነህ? የት ነህ? ነብዩ ነህ? መልስ የለም። የሚመልሰው አንድ ዕቃው ለጨረታ ወጥቶ ሲዘጋ ብቻ ነው። ሳይክሉን ድጋሚ ብታወጣው ዝም አለ። ስለ አንድ ዕቃ ሁለቴ አይመልስም።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ የለበሰው የምርቃቱ ሙሉ ልብስ።

ሁለት ሳምንት ፈራችው። እሱን ካወጣች በኋላ የምትጠይቅበት የላትም። ወይዘሮ መሰለች ግን ዕረፍት ነሷት። «አውጪው፣ መቼ እንደሚመጣ ይነግረን ይሆናል» እያሉ። አንድ ማክሰኞ አወጣችው። በማስታወቂያው ላይ ስለ ልብሱ ምንም አላለችም፤ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። «ባለ ዕቃው ሆይ፣ ምን ላድርገው?»

ማንም አልተጫረተም። አገሩ ስሙን ፈርቶታል። ወይዘሮ መሰለች በአንድ ጣታቸው መቶ ጻፉ፣ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡና እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስልኩን ያያሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ቆንጅት «ተዘግቷል» አለች።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ማንም ሳይነካው በራ። ቆንጅት እጇ ላይ ባለው በራሷ ስልክ የመጣላትን አነበበች።

«እታለም፣ ይበቃል። ለነዳያን ስጪው።»

ደግማ አነበበችው። ለነዳያን የሚሰጠው የማን ልብስ እንደሆነ የሚያስረዳት አያስፈልግም። የሕያው ሰው ልብስ ይቀመጣል። እናቷ አይቶ የመጣ ሰው ይንገረኝ ብለው ነበር፤ ከእሱ የበለጠ ማን አይቷል? ነጋሪው መጣ። ፊደል የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት።

«ምን ይላል?» አሉ ወይዘሮ መሰለች። እንደ ሕፃን ጎንበስ ብለው ነበር የሚያዩዋት።

መርዶ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ባዶ ቤት፣ አንድ ለአንድ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ይነጋል፣ አቅፎ የሚይዝ ይቆማል። ቆንጅት ስልኳን ገልብጣ ያዘችው።

«አስቀምጪልኝ ይላል፣ እማዬ።»

«እሰይ!» አሉና ተነሥተው ራት ለማቅረብ ገቡ።

ዳቦ ልግዛ ብላ ወጣች። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስልኩን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ማን ጻፈው ብለው አልጠየቁም። ቆባቸውን አወለቁ።

«እናትሽ ራቷን ትብላ» አሉ። «እንቅልፏንም ትተኛ። ሊነጋ ሲል ከሴቶቹ ጋር እንመጣለን። አንቺ በሩን አትቆልፊው።»

ቆማ ቻናሏን ከፈተችና ከጥቁር መዝገቡ ላይ ስሙን ሰረዘች። ዳቦውን ገዝታ ስትመለስ እናቷ ሙሉ ልብሱን ቦርሸው መስኮቱ ላይ ሰቅለውታል። «ጠዋት ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው» አሉ። ማዕዱ ቀርቧል። ቆንጅት ተቀመጠች እንጂ እጇ አልሄደም።

«ብዪ እንጂ» አሉ ወይዘሮ መሰለች፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው እየዘረጉላት። «ሰባት ዓመት እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ቆንጅት አፏን ከፈተች።